ዓይን ቁጥር ሰባት

የዓይናችሁን ፊት ታውቁታላችሁ። መስታወት አለ፤ መስታወት ከጠፋም ሐይቁ አለ፣ ጎንበስ ብሎ ማየት ነው። ጀርባውን ግን አይታችሁት አታውቁም። እኔ አይቼዋለሁ። ዓይን ከኋላው ብርቱካናማ ነው። አንድ ጎኑ ላይ ፈዘዝ ያለች ቢጫ ክብ አለች፤ ከእሷ ውስጥ ቀያይ ሥሮች ወጥተው ወደ ላይም ወደ ታችም ይበታተናሉ። ይህን የምላችሁ ተምሬ አይደለም። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ሐይቅ ከተማ፣ ከመኪና መቆሚያው ከፍ ብላ ባለች አንዲት በረንዳ ላይ ካኪ ስቀድና ስሰፋ የኖርኩ ሰው ነኝ። የአንድ ዓይን ፎቶ ግን አምስት ሳምንት በደረት ኪሴ ይዤ ስለዞርኩ፣ ከገዛ ፊቴ ይልቅ እሱን አውቀዋለሁ።

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ ነው፤ ሰው ሁሉ ጓድ፣ ዕቃ ሁሉ በወረፋ በነበረበት ዘመን። ወጣት አንባቢ ካለ ስለ ወረፋ ጥቂት ልንገረው፤ ይህን ሳያውቅ የእኔ ሞኝነት አይገባውም። የቀበሌ ሱቅ ስኳር መጣ ሲባል ከሰው በፊት ድንጋይ ይሰለፍ ነበር። አንዱ ድንጋይ፣ አንዱ ቅርጫት፣ አንዱ የተቀደደ ጫማ ተራው ላይ ያስቀምጥና ወደ ሥራው ይሄዳል። በኋላ ቀበሌያችን ሠለጠነና ቁጥር የተጻፈበት ካርቶን ማደል ጀመረ። ካርቶኑ አንዴ እጃችሁ ከገባ የእናንተ ነው፤ ትሰጡታላችሁ፣ ትለዋወጡታላችሁ፣ አራስ ታስቀድሙበታላችሁ። እኛ አገር ደግሞ ሽማግሌ ከኋላ ቆሞ ጎልማሳ ከፊት መሰለፍ ነውር ስለሆነ፣ ወረፋው በቁጥር ይጀመርና በዕድሜ ያልቃል። ለሁሉም የሚሰፈረው እኩል ስለሆነ፣ ማን የማንን ቁጥር ይዞ እንደገባ የሚጠይቅ አልነበረም።

እንግዲህ እንዲህ ሆነን ስንኖር ከውጭ አገር የመጡ የዓይን ሐኪሞች ሜዳው ላይ ድንኳን ተከሉ ተባለ። ዓይን የሚያም ሰው ብቻ ይምጣ ነበር ጥሪው። እኔ ዓይኔን አሞኝ አያውቅም፤ መርፌ ውስጥ ክር የማስገባው ወሬ እያወራሁ ነው። ነገር ግን ሐይቅ ላይ ነፃ ነገር መጥቶ ማን ቤቱ ይቀመጣል? በጠዋት ሄጄ ተሰለፍኩ። አንዲት ሲስተር ስሜን ትልቅ መዝገብ ላይ ጻፈችና ቁጥር ሰባት የሚል ካርቶን ሰጠችኝ።

ሲስተሯ ትዕግሥተኛ ሴት ነበረች፤ ወረፋ ለምንጠብቀው ሁሉ ነገሩን አስረዳችን። ድንኳኑ ውስጥ ያለው ካሜራ በብሌናችን በኩል ወደ ውስጥ አይቶ የዓይናችንን ጀርባ ፎቶ ያነሳል። የስኳር በሽታም የደም ግፊትም ሰውየው ሳያውቀው መጀመሪያ እዚያ ጀርባ ላይ ምልክት ያሳያሉ። ፊልሙ አዲስ አበባ ይታጠብና አንድ ስፔሻሊስት ያነበዋል፤ ውጤቱ ሁለት ወር ቆይቶ በየስማችን ይመጣል። «በእነሱ አገርማ» አለች ወደ ፈረንጆቹ እያመለከተች፣ «ኮምፒዩተር የሚባል ማሽን ፎቶውን ነጥብ በነጥብ እየቆጠረ በሽታውን እንዲያነብ እያስተማሩት ነው።»

ይህን ጊዜ ከኋላዬ አንድ ድምፅ «ያረቢ፣ እኛ መሠረተ ትምህርት ሦስት ዙር ወድቀን፣ ብረቱ ዓይን ማንበብ ጀመረ?» አለ።

ዞር ብል አንድ ረጅም ሽማግሌ፣ ነጭ ጥምጥም ያሰሩ፣ ጋቢያቸው ጢስ ጢስ የሚል። ካርቶናቸውን ወደ ግራ ዓይናቸው አስጠግተው ያዩታል።

«አንተ ልጅ፣ ይኼ ስንት ነው የሚለው?»

«አርባ ሦስት ነው፣ አያ።»

«እንግዲያማ የውጫሌው መኪና ጥሎኝ መሄዱ ነው። ንቦቼን ለሚስቴ ለሀዋ ትቼ ነው የመጣሁት፤ እሷ ደግሞ ንብ ትፈራለች።»

ቁጥር ሰባት ይዤ፣ አርባ ሦስት የያዘ ሽማግሌ ከአምባሰል መጥቶ እያየሁ ዝም እንድል እናቴ አላሳደገችኝም። «አያ፣ አንቱ ይቅደሙ፤ የእኔ ቤት ቅርብ ነው» ብዬ ሰባትን ሰጥቼ አርባ ሦስትን ተቀበልኩ። ሽማግሌው ሁለት እጃቸውን ዘርግተው መረቁኝ። «ወረፋህን ጀባ እንዳልኸኝ፣ አላህ የዓይንህን ብርሃን ጀባ ይበልህ። ሙሄ እባላለሁ። ከውጫሌ በላይ ማር ቆራጩ ሙሄ ብለህ ብትጠይቅ ሕፃን ያሳይሃል።» የተሰለፈው ሁሉ አሜን አለ። እኔም ደረቴን ነፋ አድርጌ ከኋላ ቆምኩ፤ በዚያች ደቂቃ ከእኔ የበለጠ ጨዋ ወሎ ውስጥ አልነበረም። ቁጥሩ መዝገቡ ላይ ካለው ስሜ ጋር የተሳሰረ ስለመሆኑ ግን ለቅጽበት እንኳ አላሰብኩም። ቁጥር ማለት ተራ ነው፤ ተራ ደግሞ ይሰጣል።

አርባ ሦስት የደረሰው ፀሐይዋ አናት ላይ ስትሆን ነው። ዓይኔ ውስጥ ጠብታ ጨመሩብኝ፣ አገጬን ብረት ላይ አስደገፉኝ፣ «ዓይንዎን እንዳይጨፍኑ» አሉኝ፣ ከዚያ መብረቅ ፊቴ ላይ ወደቀ። ስወጣ ሲስተሯ «እስከ ማታ ቅርብ ያለ ነገር ስለማይታይዎት ሥራ አይሥሩ» ብላኝ ነበር። ሆኖም የቀበሌው ሊቀመንበር የካኪ ሱሪ በማግሥቱ ለስብሰባ ይፈለግ ነበር። ሐኪም ቢቆጣ ይመክራል፤ ሊቀመንበር ቢቆጣ እስር ቤት ያሳድራል። ስለዚህ ቁጭ ብዬ በእጄ እየዳበስኩ ሰፋሁት።

በማግሥቱ ሊቀመንበሩ ሱሪውን እንደ ዋንጫ ከፍ አድርጎ ይዞ በረንዳዬ ላይ ቆመ። የአንዱን እግር የውስጥ ጠርዝ ከሌላው እግር ጋር አጋጥሜ ሰፍቼዋለሁ።

«ጓድ፣ ይኼ ሱሪ ነው ወይስ ጆንያ?»

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ጠብታው ነው።»

«ጠብታው ነው የሰፋው?»

እዚያው ፊቱ ተርትሬ እንደገና ሰፋሁለት። ተረቡ ግን ለአንድ ሰሞን አልቀረልኝም፤ የሐይቅ ሰው እያለፈ «ጆንያ አለህ?» ይለኝ ነበር።

ሁለት ወር አለፈና ሲስተሯ አስጠራችኝ። ፊቷ ልክ አልነበረም። ወረቀቱ ላይ ስሜ ከነአባቴ በጽሕፈት መኪና ተጽፏል፤ ፎቶውም አብሮ ተያይዟል። የቀኝ ዓይን ጀርባ ደም ፈሷል ይላል፣ ስኳር ሳይሆን አይቀርም ይላል፣ ግራውም መከተሉ አይቀርም ይላል፣ ከሥሩ ደግሞ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበት «በአስቸኳይ ደሴ ለሐኪም ይቅረብ» ይላል።

«ነገውኑ ይሂዱ» አለችኝ።

እሺ አልኩ። እሺ ማለት ቀላል ነው። የልብስ ሰፊ ሀብቱ ዓይኑ ነው፤ እጅማ ማንም አለው። ቤቴ ገብቼ ለባለቤቴ ለየሺ ወረቀቱን ሰጠኋት፤ እሷ ግን ወረቀቱን ትታ መርፌና ክር አመጣችልኝ።

«እስቲ ክሩን አግባ።»

አስገባሁ፤ በመጀመሪያው ሙከራ።

«ታዲያ የቱ ዓይንህ ነው የታመመው?»

«በሽታው ከኋላ ነው፤ ከፊት አይታወቅም» አልኳት ፎቶውን እያሳየሁ። ቀኝ ዓይኔ ከግራው እኩል ያያል፤ እኔ ግን ዓይኔን ከማምን ወረቀት ባምን ይሻለኛል ብዬ ቁጭ አልኩ። በዚያ ዘመን ወረቀት የሌለው ሰው መንገድ አይሄድም፣ ስኳር አያገኝም፣ አገባሁ ቢል አይታመንም። ሞተሃል የሚል ወረቀት ቢመጣልኝ መገነዣዬን ራሴ ሰፍቼ የምጠብቅ ይመስለኛል።

ደሴ ሩቅ አይደለም፤ በጠዋት ሄዶ ከሰዓት መመለስ ይቻላል። እኔ ግን ፈራሁ። ሐኪሙ አፍ አውጥቶ «ትታወራለህ» ካለኝ ያበቃል፤ እዚህ ከቆየሁ ግን ወረቀቱ ነው ያለው። እናም ዛሬ ሱሪ አለብኝ፣ ነገ ልቅሶ አለብኝ፣ ከነገ ወዲያ መኪናው ሞልቶ ይሆናል እያልኩ ቀን እቆጥር ጀመር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላሉ፤ እኔ ግን በሽታዬን አልደበቅኩም፣ ለአገር ሁሉ አወራሁት። የደበቅኩት ራሴን ከሐኪም ነበር።

የስኳር ሕመምተኛ ውሃ ይጠማዋል፣ ሽንት ይመላለስበታል ብላኛለች ሲስተሯ። ያን ቀን ጠማኝ። ጠጣሁ፤ ሽንቴ መጣ። ይኸው በሽታው ብዬ ደነገጥኩ፤ ስደነግጥ አፌ ደረቀ፤ እንደገና ጠጣሁ። የሺ አንድ እንስራ ውሃ በእኔ ሲያልቅ እያየች «ሰው የጠጣውን ይሸናል እንጂ ሌላ ምን ሊሆን ኖሯል?» አለችኝ። አልሰማኋትም።

ከዚያ ለዕውርነት መለማመድ ጀመርኩ። ዓይኔን ጨፍኜ ከአልጋ እስከ በር፣ ከበር እስከ ጓሮ፤ ስምንት እርምጃ፣ ደፍ፣ አሥራ አንድ እርምጃ፣ የጎረቤት ውሻ። ጨርቅ በመዳበስ መለየት ተማርኩ። ዓይኔን አስሬ መስፋት ሞከርኩና የራሴን እጀታ ከአንድ ቄስ ካፖርት ጋር ሰፋሁት፤ ሰውየው ልብሳቸውን ሊወስዱ ሲመጡ እኔንም ጭምር መውሰድ ግድ ሊሆንባቸው ነበር። አንድ ጎረቤቴ ከዘራ አመጣልኝ፤ ልኩን ሳይ አስቀድሞ በቁመቴ ልክ ያስቆረጠው መሰለኝ።

ጠያቂው በዛ። ከገዳሙ ጠበል መጣልኝ፣ ከመስጊድ ዱአ ተደረገልኝ፤ ሁለቱንም ተቀበልኩ፣ ዓይን ሁለት አይደል? የመጣው ሁሉ ታዲያ ፎቶውን ካላየ አይሄድም። እንግዲህ አዲስ አበባ ስፔሻሊስት ያነበበውን ፎቶ የሐይቅ ሕዝብ እንደገና ሊያነበው ተቀመጠ። ዓሣ ነጋዴው ነጠብጣቦቹን አይቶ «ይኼማ የዓሣ ዕንቁላል ነው፤ ዓሣ ብላ» አለኝ። አንድ የአርዲቦ ገበሬ «ማሽላ ዋግ ሲመታው እንዲህ ነው፤ ዝናብ ሲመጣ ይለቀዋል» ብሎ አጽናናኝ። ነርስ ሆና ጡረታ የወጣች አክስት አለችኝ ያለ ሌላ ሰው፣ አክስቱን ሊጠይቅ ሄዶ ቀረ። ሊቀመንበሩም መጣ። ፎቶውን ገልብጦ፣ አዙሮ፣ ወደ ብርሃን አስጠግቶ ከቆየ በኋላ «ቀይ ይበዛዋል» አለ፤ በእሱ አነጋገር ይህ ምስጋና ይሁን ወቀሳ እስከ ዛሬ አላወቅኩም።

ለሊቀመንበሩ ከዚህ ወዲያ ስኳር በቤቴ እንደማይገባ ነገርኩት፤ የእኔን ድርሻ ለፈለገው እንዲሰጥ። ይህን ያልኩት ስኳሩን ሳይ ሆድ እንዳይብሰኝ ብዬ ነው። እሱ ግን በእሁዱ ስብሰባ አስነሳኝና «ጓድ ልብስ ሰፊ ስኳሩን ለሰፊው ሕዝብ አበረከተ» ብሎ አስጨበጨበልኝ። ጭብጨባው ሳያልቅ ድርሻዬ ለማን ይሁን በሚለው ላይ የሁለት ሰዓት ክርክር ተነሳ፤ ሁለት ጎረቤታሞች ተኮራረፉ፤ በመጨረሻም ለክርክሩ ቃለ ጉባኤ ለያዘው ጸሐፊ ተሰጠ። ቤት ስንደርስ የሺ «አንተ ብትታወር እኔ ምን አጠፋሁና ነው መራራ ሻይ የምጠጣው?» አለችኝ።

በአምስተኛው ሳምንት ከውጫሌ አንድ ነጋዴ አንዲት ቅል ማር አመጣልኝ። ከአያ ሙሄ ነው። መልእክቱን ቃል በቃል አጥንቶት ኖሮ ቆሞ ተወጣው፦ «ወረፋህን ጀባ ብለኸኝ ፎቶ ተነሣሁ። ወረቀቴ ውጫሌ መጣልኝ፤ ዓይንህ ጤነኛ ነው አሉኝ፣ አልሃምዱሊላህ። የልቤን ሐሳብ አወረድህልኝ። ብላበት።»

ማሩን ፊቴ አስቀምጬ አለቀስኩ። አያችሁ፣ እሳቸው በእኔ ወረፋ ገብተው ዳኑ፤ እኔ በእሳቸው ወረፋ ገብቼ ታወርኩ። ደግሞም የላኩልኝ ከዕቃ ሁሉ መርጠው መቅመስ የማልችለውን ነው። የሺ ጣቷን ማሩ ውስጥ ነክራ ላሰችና፣ ጥቂት አሰበችና፣ ነጠላዋን ለበሰች።

«ተነስ። ዛሬ ደሴ እንሄዳለን። ወይ ታወር ወይ ስኳሬን አስመልስልኝ።»

ደሴ ያገኘነው ሐኪም ወጣት ነበር፤ ፈገግታ የማያባክን ዓይነት። መጀመሪያ ሽንቴን ሰማያዊ ውሃ ውስጥ ጨምሮ አፈላው። ስኳር ካለ ቀለሙ ሸክላ ይመስላል አለን። የእኔ ሰማያዊ እንደሆነ ቀረ። ከዚያ ጨለማ ክፍል አስገብቶ በትንሽ መብራት የቀኝ ዓይኔን ውስጡን አየ፤ ወጥቶ ፎቶውን በመስኮት ብርሃን አየ፤ ተመልሶ ዓይኔን አየ። ሦስት ጊዜ እንዲህ ተመላለሰ። በሦስተኛው ላይ የየሺን እጅ ጨምቄ ይዤ ነበር።

«ይህን ፎቶ ከየት አመጡት?»

«የእኔ ነው፤ ስሜ አለበት።»

«ስሙ የእርስዎ ይሆናል፤ ዓይኑ ግን አይደለም። ይኸው እዩ፣ እዚህ ላይ ትልቁ ሥር ከቢጫዋ ክብ እንደወጣ ለሁለት ይከፈላል። የእርስዎ ሥር ሳይከፈል ረጅም መንገድ ይሄዳል። ሰው ይታመማል፣ ይድናል፣ ያረጃል፤ የሥሩ አወጣጥ ግን አይለወጥም፣ እንደ ጣት አሻራ ነው። የእርስዎ ዓይን ደህና ነው።»

ሳቅኩ። ስቄ የማላውቀውን ያህል ጮክ ብዬ ሳቅኩ፣ የሺንም ሐኪም ፊት አቀፍኳት። ሐኪሙ እስክንጨርስ ጠበቀን። ከዚያ ፎቶውን በጣቱ መታ መታ አደረገው።

«ይህ ሰው ግን የሆነ ቦታ አለ። እየታወረ ነው፤ ጤነኛ ነህ የሚል የእርስዎን ወረቀት ይዞ ተቀምጧል ማለት ነው። የማን እንደሆነ ያውቃሉ?»

ለመጀመሪያ ጊዜ ወረቀቱን ሙሉውን አነበብኩ። ከስሜ ጎን ቁጥር ሰባት ይላል። የዚያን ቀን ያገኘሁትን ምርቃት፣ የተነፋውን ደረቴን፣ አያ ሙሄ ካርቶኑን ወደ ግራ ዓይናቸው ያስጠጉበትን ሁኔታ አንድ ባንድ አስታወስኩ። አምስት ሳምንት ሙሉ ለራሴ ሳለቅስ ዓይኑ የእሳቸው ነበር። ሲስተሯ ያለችው ማሽንም ቢሆን ነጥቡን ሁሉ ቆጥሮ በሽታውን ያገኝ ይሆናል፤ ድንኳን በር ላይ ማን ለማን ተራውን እንደለቀቀ ግን ከየት ያውቃል?

በማግሥቱ ብቻዬን ውጫሌ ወረድኩ። ማር ቆራጩ ሙሄ ስል እውነትም ሕፃን አሳየኝ። ከውጫሌ ሽቅብ ሁለት ሰዓት ነው፤ የአምባሰል ዳገት ለልብስ ሰፊ ጉልበት አልተሠራም። አያ ሙሄ ቀፎ ሥር ጢስ እያጨሱ ነበር። በድምፄ ለዩኝ።

«ሀዋ፣ ሀዋ፣ ወረፋ ጀባ ያለኝ ልጅ መጣ። ማር አምጪ።»

ባለቤታቸው ሀዋ አንድ ሳህን ማር ከነሰፈፉ አቀረቡልኝ። አያ ሙሄም ከጎኔ ተቀምጠው በትልቁ እየቆረሱ ይጎርሱ ጀመር። ከዚህ በላይ መቆየት አልቻልኩም።

«አያ፣ ማሩን ይተዉት። ያን ቀን ካርቶን ስንለዋወጥ ዓይናችንም ተለዋወጠ። ደህና ነው የተባለው የእኔ ነው። የታመመው የእርስዎ ነው።»

ሰፈፉን ከአፋቸው አውጥተው ያዙ።

«አንተ ልጅ፣ ያኔ ወረፋህን ሰጠኸኝ። አሁን ደግሞ በሽታህን ልትሰጠኝ ነው የመጣኸው?»

ነገሩን ከመጀመሪያው አስረዳኋቸው። መዝገቡን፣ ቁጥሩን፣ የሐኪሙን ትንሽ መብራት፣ ለሁለት የሚከፈለውን ሥር። ፎቶውን አውጥቼ ሰጠኋቸው። ተቀብለው ወደ ግራ ዓይናቸው አስጠጉት።

«ይኼ እኔ ነኝ?»

«አንቱ ነዎት።»

«ወላሂ አላውቀውም» ብለው መለሱልኝ፤ ከዚያ ከጥምጥማቸው ውስጥ በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት ፈተው ዘረጉት። «የእኔ ይኼ ነው። ማኅተም አለው። ጤነኛ ይላል፤ ውጫሌ ያለ አንድ ተማሪ ሦስት ጊዜ አንብቦልኛል።»

ምን ልበላቸው? እኔ ራሴ በደህና ዓይኔ ወረቀት አምኜ ከዘራ የተቀበልኩ ሰው ነኝ። ያን ጊዜ ሀዋ ከበሩ መቃን ተደግፈው ተናገሩ፤ ድምፃቸው ከፍ አላለም።

«ሙሄ፣ የቀኝ ዓይንህን ንገረው እንጂ።»

«ምን አለው ቀኝ ዓይኔ?»

«ለውዱእ ውሃ ስታፈስ ከጣሳው ውጪ ነው የምታፈሰው። ባለፈው ሳምንት ንብ ቅንድብህ ላይ አርፋ ሳታያት ነው የነደፈችህ። እኔ አልነገርሁህም? ወረቀቱ መጣና አፌን ዘጋኸው።»

አያ ሙሄ ግራ ዓይናቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ፤ ወደ ቀፎው፣ ወደ ሀዋ፣ ወደ እኔ ዞሩ። መዳፋቸውን ሲያነሱ ፊታቸው ሌላ ሆኖ ነበር።

«እኔስ ጢሱ ነው ስል ነበር» አሉ። «ወረቀቱ ደህና ነህ ሲለኝ፣ እኔ ማነኝና መንግሥት የጻፈውን አስተባብላለሁ አልሁ። ሀዋ፣ ጋቢዬን።»

ይዣቸው ደሴ ሄድኩ፤ ሐኪሙ የእሳቸውን ሽንት ሲያፈላው ሰማያዊው ጠፍቶ ሸክላ መሰለ። ጨለማ ክፍል አስገብቶ አያቸው፤ አሁን ፎቶውን አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያየው። የግራው ገና አልተጎዳም አለ፤ መድኃኒቱን ከዋጡ፣ ማሩን ከተዉ፣ አዲስ አበባም ሄደው ከታከሙ ይተርፋል። ስለ ቀኙ ሳይጠየቅ አልተናገረም። አያ ሙሄ ከወጡ በኋላ ወደ ኋላ ቀርቼ እኔ ጠየቅኩት።

«ከአምስት ሳምንት በፊት መጥተው ቢሆን ኖሮስ?»

እየጻፈ ነበር፤ ብዕሩን አላነሳም። «ያን ጊዜ ጥቂት ያይ ነበር። አሁን ብርሃንና ጨለማ ብቻ ነው የሚለየው።»

ውጪ ከግንቡ ሥር አግዳሚ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። አጠገባቸው በቀኝ በኩል ተቀመጥኩ። ስለ ወረፋው ነግሬያቸዋለሁ፤ ስለ አምስቱ ሳምንት ግን አልነገርኳቸውም ነበር። ባልነግራቸውም የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

«አያ፣ አፉ ይበሉኝ። ወረቀቱ በአስቸኳይ ይል ነበር። ያኔውኑ መጥቼ ቢሆን ሐኪሙ ያኔውኑ ይለየው ነበር፣ እርስዎም በጊዜ ይደርሱ ነበር። ፈርቼ ቤቴ ተቀመጥኩ። ቀኝ ዓይንዎን የበላሁት እኔ ነኝ።»

አንድ መኪና መጥቶ ሰው አራግፎ ሄደ።

«ፈራህ?»

«ፈራሁ።»

«እኔም ፈርቼ ነው ወረቀቱን ያመንሁት። አፉ ብያለሁ።» ከዚያ ክንዴን ዳብሰው ያዙና ገፋ አደረጉኝ። «አሁን ተነስና በግራዬ በኩል ዙር። እዚህ ሆነህ ስታለቅስ ድምፅህን እንጂ ፊትህን አላየውም።»

ተነስቼ ዞርኩ፤ በግራቸው በኩል ተቀመጥኩ። ወደ እኔ መለስ ብለው ተመለከቱኝ፤ ፊቴን እንዳላዞርባቸውም ጉልበቴን ጨምቀው ያዙ።